137 ከ138፦ የማዘጋጃ ቤቱ ወንበርና የአራዳ መራጭ

በአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት 138 ወንበር አለ። በግንቦት 1997 ምርጫ ቅንጅት 137ቱን ወሰደ፤ ኢሕአዴግ አንዲት ወንበር ተረፈችው። በሚያዝያ 2000 ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግ 137ቱን ወሰደ፤ ለሌላው አንዲት ወንበር ቀረች። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት አይሞላም። ከተማዪቱ ያችው ናት፤ ጎዳናው ያው ነው፤ መራጩም ከሞተውና አገር ጥሎ ከሄደው በቀር ያው መራጭ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጁ ሲመጣ እናገራለሁ።)

ለመሆኑ የአዲስ አበባ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ እንደ ካልሲ ተገለበጠ? አንዳንዱ «ሕዝብ ነው፤ ዛሬ ሆሣዕና፥ ነገ ስቀለው» ብሎ ይገላገላል። ሌላው «ተወው እባክህ፥ ቁጥሩ የቢሮ ሥራ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም መልስ ከማሰብ ስለሚያሳርፍ ይጣፍጣል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። 137 የሚለው ቁጥር ስለ መራጩ ልብ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ መታየት ያለበት ከድምፅ መስጫው ሳጥን እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ወንበር ድረስ ያለው መንገድ ነው። ያ መንገድ በ1997 ተቆረጠ። ሲቆረጥም የቆረጠው አንድ እጅ ብቻ አልነበረም።

እኛ የዛሬ የግቢ ተማሪዎች ያኔ ገና ዳዴ የምንል፥ አንዳንዶቻችንም ገና ያልተወለድን ነበርን። ነገር ግን «ዘጠና ሰባት» ሲባል እንደ ቁጥር አንሰማውም፤ እንደ አንድ የታወቀ ሰው ስም ነው የምንሰማው። ታላላቆቻችን «ከዘጠና ሰባት በፊት»፥ «ከዘጠና ሰባት ወዲህ» እያሉ ያወሩና ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በሹክሹክታ የተወረሰ ታሪክ ደግሞ ግማሹ ተረት ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ፥ ከፒያሳ ብንጀምረው ይሻላል።

ከለገሃር ተነሥቶ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ያቀና ሰው መጨረሻው ላይ የሚገጥመው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ሕንፃው በ1950ዎቹ የተሠራ፥ የአፍሪካ አዳራሽንም የነደፈው የጣልያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ነው። ከዚያ አለፍ ሲሉ አራዳ ጊዮርጊስ፥ የምኒልክ ሐውልት፥ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት፤ ሁሉም በእግር የአንድ ሲጋራ መንገድ ነው። ከተማዪቱ ስትቆረቆር ትልቁ ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ ደጃፍ ነበር። አገሬው፥ አርመኑ፥ ግሪኩ፥ ሕንዱ እዚህ ይገበያይ ነበር፤ አዋጅ እዚህ ይነገር፥ ወንጀለኛም እዚህ በአደባባይ ይቀጣ ነበር። የከተማዪቱ የመጀመሪያ ፖሊስ እንኳ ስሙ «የአራዳ ዘበኛ» ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶን ከፈተና ለአራዳ «ፒያሳ» የሚል ስም ትቶላት ሄደ። ገበያው ቢሄድም ማዘጋጃ ቤቱ አልሄደም። መንግሥትና ከተሜ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ቦታ አራዳ ሆኖ ቀረ።

የመተያየቱ ነገር ግን ከላይ ወደ ታች ነበር። «ከንቲባ» የሚለው ማዕርግ ከጎንደር የመጣ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የአዲስ አበባ ከንቲባ ሲሆኑ ሹመት ነው፤ በኋላ ነሲቡ ዘአማኑኤል ሲሆኑም ሹመት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊው ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴ በ1950 ገደማ ሲቀመጡበትም ሹመት ነው። ከመካከላቸው ጎበዞች እንደነበሩ አልክድም። ማነው የሾመህ ሲባሉ ግን ጣታቸው ወደ ቤተ መንግሥት ነበር የሚያመለክተው፤ ወደ ዶሮ ማነቂያ ወይም ወደ እሪ በከንቱ አልነበረም።

በ1946 ከተማዪቱ ቻርተር ተሰጣት፤ የሚመረጡ የምክር ቤት አባሎችም እንዲኖሯት ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ የመምረጡ መብት የተሰጠው የማይንቀሳቀስ ንብረት ላለው ሰው ነው። በዚያን ዘመን የአዲስ አበባ መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪ ኪራይ ከፋይ ነው። ስለዚህ በደጃች ውቤ ሠፈር ከአንዲት ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ የሚኖር ልብስ ሰፊ ከተማው ውስጥ ይኖራል እንጂ የከተማው ሰው አልነበረም። አከራዩ ይመርጣል፤ እሱ ኪራይ ይከፍላል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ይህ ነገር በአንድ ቀን ተገለበጠ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች አስተዳደር ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፥ ማለትም ዛሬ ሁላችን «ቀበሌ» ለምንለው ነገር ተሰጠ። የምርጫው ሕግም አብሮ ተገለበጠ፤ ቤትና ቦታ የተወረሰበት ሰው ለአንድ ዓመት እንዳይመርጥም እንዳይመረጥም ተከለከለ። ትናንት ባለንብረት ብቻ ነበር የሚመርጠው፤ ዛሬ ባለንብረት የነበረ ብቻ ከምርጫ ውጭ ሆነ። ልብስ ሰፊው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አውጥቶ መረጠ።

ብዙ ሰው የሚያልፈውን ነገር እዚህ ላይ መናገር እፈልጋለሁ። ከሐምሌ 1967 ወዲህ የአራዳ ሰው አከራይ መንግሥት ሆነ። ጣራው ሲያፈስ የሚያመለክተው ለቀበሌ ነው፤ ግድግዳ ለማደስ የሚያስፈቅደው ቀበሌን ነው፤ ልጁ ሲያገባ አንድ ክፍል ልቀጥል ብሎ የሚለምነው ቀበሌን ነው። ስለዚህ ለአራዳ ሰው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ማለት ስለ መንገድና ስለ ቆሻሻ ብቻ የሚሰጥ ድምፅ አይደለም። አከራዩን የመምረጥ ነገር ነው። ቤት ያለው የሌላ አገር ከተሜ በምክር ቤቱ ቢከፋ ኩርፊያውን ይዞ ቤቱ ይገባል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ግን የሚገባበት ቤት ራሱ የምክር ቤቱ ነው!

ደርግ ያቋቋመው ቀበሌ እንዴት እንደከረመ ከናንተ የተሰወረ አይደለም። ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጥበቃ የሚባል የታጠቀ ክንድ አበቀለ፤ በ1969ና በ1970 በቀይ ሽብር ጊዜ ስኳርና ዘይት የሚታደልበት ግቢ ማሰሪያ ቤትም ሆነ። ዶክተር ዓለሙ አበበ ከንቲባ የሆኑት በዚያው ሰሞን ነው። የምርጫው መልክ ነበረ፤ ከመልኩ በስተጀርባ ግን ጠመንጃው ነበር። ከ1983 በኋላ ከተማዪቱ «ክልል 14» ተባለች፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ራስዋን በራስዋ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጣትና በዚያው አንቀጽ ተጠሪነቷን ለፌዴራሉ መንግሥት አደረገ። ሙሉ ሥልጣን፥ ነገር ግን ተጠሪ! የኋላው ጣጣ ሁሉ ዘሩ በዚህች «ነገር ግን» ውስጥ ነው። በ1995 የፌዴራሉ መንግሥት አቶ አርከበ ዕቁባይን በጊዜያዊ አስተዳደር ስም ከንቲባ አድርጎ ሲያስቀምጥ ከተሜውን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አቶ አርከበ ግን ሠሩ፤ ሐቁን መናገር ይገባል። መንገድ ተቆፈረ፥ ተሠራ። ለሥራ አጥ ወጣት በየጎዳናው ዳር ትንንሽ ሱቅ ተሰጠ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የአርከበ ሱቅ» ነው የሚላቸው። ኮንዶሚኒየም የሚባለው ቤት የተጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ በ1997 የተመዘገበው ቤት ፈላጊ ከ450 ሺህ በላይ ሆነ። እስቲ ይህን ቁጥር አስቡት። ይህ ሁሉ ሰው «ቤት የለኝም» ብሎ ስሙን ለማዘጋጃ ቤት የሰጠው በምርጫው ዓመት ነው።

ታዲያ የሠራ ሰው ለምን ተሸነፈ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሕዝቡ አርከበን ወዶ ፓርቲውን ጠላ» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ቢሆንም ጎዶሎ ነው። የአራዳ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው መንገድና ሱቅ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እምቢ የማለት ዕድል ነው። በዚያ ዓመት በቴሌቪዥን ክርክር ተላለፈ። አንድ ሚኒስትር እንደ ተማሪ ሲጠየቅ፥ ሲያልበው፥ አንዳንዴም መልስ ሲያጣ ሰው በየቡና ቤቱ ቆሞ አየ። በየአስፋልቱ ዳር የጋዜጣ አከራይ ዙሪያ የተቀመጠው ወጣት አንዱን ጋዜጣ ጨርሶ ሌላውን ይለዋወጣል። በኅዳር 1997 መኢአድ፥ ኢዴአፓ መድኅን፥ ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ተሰባስበው ቅንጅት ሆኑ፤ ሊቀመንበሩ ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ነበሩ። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፥ የቅንጅት ምልክት ሁለት የተዘረጉ ጣቶች። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ምልክቱን በእጁ ይዞት ይዞራል፤ ለቅስቀሳ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላ። ሚያዝያ 30 ቅንጅት ያንኑ አደባባይ ሞልቶ አፈሰሰው፤ ሰዉ በየመግቢያው መንገድ ተርፎ ነበር። በሳምንቱ እሑድ፥ ግንቦት 7፥ ከተሜው ገና ሳይነጋ ነው የተሰለፈው። መራጩ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፤ አንዱ ለፓርላማ፥ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። ለፓርላማ አዲስ አበባ 23 ወንበር አላት፤ ሃያ ሦስቱንም ቅንጅት ወሰደ። በምክር ቤቱ 137። ኢሕአዴግ ራሱ በአዲስ አበባ መሸነፉን ለማመን ብዙ አልቆየም።

ስለ ቁጥሩ ትንሽ ላውጋ፤ የሒሳብ ሰው አይደለሁም ግን ይህች ቀላል ናት። 138ን ለ23 ብታካፍሉት ለአንድ የምርጫ ክልል 6 ወንበር ይደርሰዋል። ሕጉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ነው የሚለው፤ ለሁለተኛው ከድምፁ ልክ ተቆርሶ የሚሰጠው የለም። መራጩም በአመዛኙ ሰውን አይደለም የሚመርጠው፤ ምልክትን ነው። ስለዚህ በአንድ ክልል ከመቶ 60ው ሁለት ጣት ቢመርጥ ስድስቱም ወንበር የሁለት ጣት ነው፤ የቀሩት 40 ሰዎች ለምክር ቤቱ እንዳልተፈጠሩ ይቆጠራል። (60ና 40 ያልኩት ለምሳሌ ነው።) ነገሩ በ23ቱም ክልል ሲደገም 137 ይወጣል። ይህ ሕግ ትንሽ ብልጫን ጎርፍ ያደርጋል። በ1997 በምክር ቤቱ በአንዲት ወንበር የቀረው የኢሕአዴግ ደጋፊ በየሠፈሩ ነበር፤ በ2000 በምክር ቤቱ ውስጥ የጠፋው ተቃዋሚም እንዲሁ በየሠፈሩ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ምክር ቤቱ ከተማዪቱን አልመሰለም። ይህን የምለው የ97ቱን ድል ለማሳነስ አይደለም፤ ድሉ ድል ነው። ለማለት የፈለግሁት፥ ለሸነፈ ወገን አንዲት ወንበር ብቻ የሚተርፍለት ሕግ ተሸናፊውን «እሺ፥ በሚቀጥለው እንገናኝ» እንዲል አያደርገውም ነው።

አላደረገውምም። ድምፅ በተሰጠበት በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለአንድ ወር ሰልፍና ስብሰባ እንደተከለከለ፥ የከተማዪቱም ጸጥታ ኃይል በሳቸው ሥር እንደሆነ ተናገሩ። ቆጠራው ገና አላለቀም እኮ! ግንቦት ማብቂያ ላይ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች በአገር አቀፉ ውጤት ላይ ተቃውሞ አነሡ፤ ታፍሰው ተወሰዱ። ሰኔ 1 ጥይት ተተኮሰ። በጥቅምት 1998 እንደገና ተተኮሰ። በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሁለቱ ጊዜ የሞቱትን ሲቆጥር 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሆኑ። 137ን ከምናስታውስ 193ን ብናስታውስ ይሻል ነበር፤ የመጀመሪያውን ግን ሁሉም ያውቀዋል፥ ሁለተኛውን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

በሰኔና በሐምሌ ሌላ ሥራ ደግሞ በወረቀት ተሠራ። የሥራ ዘመኑ ሊያልቅ ሳምንታት የቀሩት ፓርላማ ደንብ ለወጠ፤ ቀድሞ 20 አባሎች አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ የነበረው ከግማሽ በላይ ድምፅ የሚጠይቅ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አዳማ የሄደው የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫም ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ በዚያው ሰኔ ተወሰነ። የውሳኔው ትክክለኛነት ለብቻው የሚያከራክር ነው፤ አሁን አልገባበትም። ጊዜው ግን ይናገራል። ማዘጋጃ ቤቱን ሊረከብ የሚመጣው እንግዳ ገና ደጅ ሳለ የቤቱ ዕቃ ሲነሣ ሲቀመጥ አየው።

ነሐሴ 1997 የቅንጅት ተመራጮች ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ከንቲባቸው እንዲሆኑ መረጡ፤ ዶክተሩ በኛው ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በአዲስ አበባ ታሪክ ውስጥ «ማን ሾመህ?» ሲባል ወደ ሠፈር ሰው ማመልከት የሚችል ከንቲባ ቢኖር እሳቸው ይሆኑ ነበር። ይሆኑ ነበር ነው የምለው፤ አልሆኑምና። ቅንጅት በመስከረም መጨረሻ ላይ ፓርላማ ላለመግባት ወሰነ፤ ከተማውስ? «ገብተን እንሥራ፥ እዚያው እንታገል» የሚሉ ነበሩ። «ሥልጣኑ የተራቆተ ቤት አንረከብም» የሚሉ ነበሩ። አገር አቀፉ ውጤት ተሰረቀ ብለው የሚያምኑ ሰዎች የተማዪቱን ቁልፍ ተቀብለው ቢቀመጡ የቀረውን እንደፈቀዱ ይቆጠርባቸዋል ብለው ፈሩ። ፍርሃቱ ይገባኛል።

ይገባኛል ግን አልስማማም። የዶሮ ማነቂያ ሰው በዚያች በሁለተኛዋ ወረቀት የአገሪቱን ጠቅላይ ሚኒስትር አልመረጠም፤ አከራዩን ነው የመረጠው። ያ ወረቀት ለፓርላማው ጠብ መያዣ እንዲሆን የሰጠው አይመስለኝም። ባዶ ቤት ነው ቢባል እንኳ ገብቶ፥ መዝገቡን ከፍቶ፥ «ይኸው ይህን ያህል ወሰዱብን» ብሎ ለመራጩ ማሳየት በራሱ አስተዳደር ነው። በርግጥ «እንዲገቡ ማን ሊፈቅድላቸው!» የሚል ይኖራል፤ ሊሆን ይችላል። ሳይሞከር ግን ቀረ። ኃላፊነቱን እኩል አላካፍልም፤ የተኮሰና ያልገባ እኩል አይደለም። ከጥቅምት በኋላ ክርክሩ ራሱ አበቃ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፥ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን በኃይል በመናድ ተከሰሱ። ተመራጩ ከንቲባ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ቃሊቲ ተቀመጡ፤ እዚያ ሆነው «የነፃነት ጎህ ሲቀድ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ።

በግንቦት 1998፥ ልክ በዓመቱ፥ የፌዴራሉ መንግሥት አቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመሩት ባለአደራ አስተዳደር ሰየመ። «ባለአደራ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ይገርመኛል። አደራ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው፤ እዚህ ግን አደራውን የሰጠው ሌላ ሰው ነው። መሪዎቹ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ። ሲወጡ ስማቸው የለም። በ2000 ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለሌላ ቡድን ሰጥቶ ነበር፤ ሰዎቹም በብርቱካን ሚደቅሳ መሪነት «አንድነት» የሚል ሌላ ፓርቲ ማቋቋም ግድ ሆነባቸው።

ሚያዝያ 2000 ምርጫ ሲመጣ እንግዲህ የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። ሁለት ጣት የመረጠው ሰው የሚመርጠው ሁለት ጣት የለም። ኅብረት ከውድድሩ ወጣ። በአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ቀድሞ ከነበረው 15 ወደ 300 ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ከገዥው ፓርቲ በቀር 300 ዕጩ በየቀበሌው ማቅረብ የሚችል ማን አለ? ኢሕአዴግ ከሽንፈቱ ተምሯል፤ አባላት በገፍ መልምሎ በየቤቱ ገብቶ ነበር። ከዚህ በኋላ 137 መምጣቱ ምኑ ይገርማል! የሚገርመው ያቺ የቀረችው አንዷ ናት። በሚያዝያ 2005 እሷም አልቀረችም፤ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ባልተሳተፉበት ምርጫ 138ቱም የኢሕአዴግ ሆኑ። ሰውዬው አልተገለበጠም ወንድሜ። ወረቀቱ ላይ የሚመርጠው ነገር ነው የተነሣው።

በመናገሻ ከተማና በመንግሥት መካከል ያለው መፈራራት የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ፓሪስ ከኮሚዩኑ አመፅ በኋላ፥ በፈረንጅ ከ1871 እስከ 1977፥ ከመቶ ዓመት በላይ ከንቲባ አልነበራትም፤ ሌላው የፈረንሳይ ከተማ ሁሉ ሲኖረው። የለንደንን ትልቁን ምክር ቤት ማርጋሬት ታቸር በ1986 አፈረሱት፤ በተቃዋሚ እጅ ነበርና። ናይሮቢን በ1983 የሞይ መንግሥት ምክር ቤቷን በትኖ ለዘጠኝ ዓመት በኮሚሽን ገዛት። ለንደንም ፓሪስም ናይሮቢም ግን በኋላ ምርጫቸውን መልሰው አግኝተዋል፤ ያጡትን ያውቁት ነበር፥ አጥተውት ጠየቁት። የኛ ከተማ ከዚያ ቀን በፊት ይዛው አታውቅም፤ ለሦስት ወር ያህል የቀመሰችውን ነገር መልሺ ብላ ለመጠየቅ እንኳ ልማዱ የላትም።

ይህንን የምለው በ2016 ያየነውን ሳስብ ነው። በየካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ከማዘጋጃ ቤቱ ጎን ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በኮሪደር ልማት ስም የፒያሳ ሠፈሮች መፍረስ ጀመሩ። ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። የቀበሌ ቤት ነዋሪው በዳርቻ ወደተሠሩ ኮንዶሚኒየሞች እንዲሄድ ተደረገ። መልማት አያስፈልግም የሚል ሰው የለም፤ በዚያ ሠፈር መፀዳጃ ቤት ለስንት አባወራ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ናፍቆቱን በልክ ያደርገዋል። ደኅና ቤት ያገኘና የተደሰተም አለ። ነገር ግን ከተነሡት መካከል «የምክር ቤት ተወካያችሁ ማነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ስም የሚጠራ ስንት ይገኝ ነበር? በወንበሩ አከፋፈል ስድስት ተወካይ ነበራቸው እኮ! ሰዉ ዘመድ ፈለገ፥ የወረዳ ጸሐፊ ፈለገ፥ «ሰው ያውቃል» የተባለ ደላላ ፈለገ። ተመራጩን መፈለግ ትዝ አላለውም። አከራዩ ቤቱን ሲያፈርስ አከራዩን በድምፁ መቅጣት እንደሚቻል በ1997 ለአንድ እሑድ አውቆት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንዲረሳው ሦስት ምርጫ ተደርጎለታል።

ዶክተር ብርሃኑ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ በዚያው በሹመቱ መንገድ፥ ከላይ የመጣ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም በኋላ ታድሶ አምሮበታል፤ በሌሊት መብራቱ ከቸርችል ታች ድረስ ይታያል። ዶሮ ማነቂያ ተመዝግቦ ይመርጥ የነበረው ሰው የሚቀጥለውን የምርጫ ካርድ የሚያወጣው በሌላ ወረዳ፥ ገና ስማቸውን ከማያውቃቸው ጎረቤቶቹ ጋር ተሰልፎ ነው።